ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ አዎ ስትል በዓይኔ አይቼ ይሁን ወይስ ሚስቴ የነገረችኝን ከመስማቴ ብዛት ያየሁ መስሎኝ፣ ዛሬም ድረስ እርግጠኛ አይደለሁም።

ትዝታዬ እንዲህ ነው። ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ ውስጥ በምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ። ልጄ በተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና ከማድረቂያው ማሽን ፊት ለፊት ተቀምጣለች። እናቷ ከማሽኑ ውስጥ ቀይ ፎጣ አውጥታ ጉንጯን ታስነካትና «ደረቀ?» ብላ ትጠይቃታለች። ልጅቷ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች፤ ያገራችን ሰው ሁሉ ቃል ማውጣት ሲታክተው እንደሚያደርገው፣ እኔም በቀን ስንት ጊዜ ሳላውቀው እንደማደርገው። እኔ የልብሱን ቅርጫት ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ሚስቴ ዞር ብላ «ሰማህ?» ትለኛለች። «ሰማሁ» እላታለሁ።

ይህን ትዝታ እንዳላምነው የሚያደርጉኝ ነገሮች አሉ። ቀዩን ፎጣ የገዛነው ከዚያ በኋላ በነበረው ክረምት ይመስለኛል። ደግሞስ ማድረቂያዎቹ ሁሉ እየዞሩ፣ እያጓሩ፣ የአንዲትን ልጅ ትንፋሽ በር ላይ ቆሜ እንዴት ልሰማ እችላለሁ? ሚስቴ ይህንን ነገር እራት ላይ፣ ስልክ ላይ፣ ከእንግዳ ጋር ስትጫወት ደጋግማ ታወራው ነበር። ምናልባት ያን ዕለት እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ። ምናልባት ቅርጫቱን ታቅፎ በር ላይ የቆመው ሰውዬ እኔ ሳልሆን፣ በወሬው ውስጥ ባዶ የነበረውን ቦታ ለመሙላት እኔው ያቆምሁት ሰው ነው።

ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ታሪክ ነው። መምህሮቻችን ከሁሉ አብልጠው ያስተማሩን ያየ ሰው ሌላ፣ የሰማ ሰው ሌላ መሆኑን ነው። ያን ትምህርት እንጀራ አልበላሁበትም፤ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሌሎች ሰዎችን የመድን ሰነድ ሳመሳክር ነው የኖርሁት። ትምህርቱ ግን አልለቀቀኝም። ሚስቴ ብትኖር ጠይቄ እገላገል ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ለነገሩ የቀረሁት ምስክር እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ጥሩ ምስክር አይደለሁም።

ጉዳዩ የአንድ ሽማግሌ ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በተውሁት ነበር። ልጄ ስትወለድ ትንፋሽ ቶሎ አልመጣላትም፤ ከዚያ ወዲህ እጇም እግሯም ምላሷም አልታዘዟትም። እዚህ አገር እንደ እሷ ያለ ተማሪ ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላው ትምህርት ቤት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ ይፈለግለታል። ለእሷ የታሰቡት ቦታዎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ከረዳት ጋር ኮሌጅ እየገቡ ከሌላው ተማሪ ጋር የሚማሩበት፣ ቤተ መጻሕፍት የሚሄዱበት፣ ምን እንደሚሹ እየተጠየቁ የሚውሉበት ነው። ወደዚያ ለመግባት ግን የሚጠየቀውን ሰምቶ አዎን ከአይደለም ለይቶ መመለስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው መዋያ ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነው፣ ይሞቃል፣ ሠራተኞቹም ደጎች ናቸው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን በርቶ ነበር። ከፊቱ የተቀመጡትን ሰዎች የትኛውን ማየት እንደሚፈልጉ የጠየቀ ሰው ግን በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ አላየሁም።

በትምህርት ቤቷ የገመገመቻት ባለሙያ ክፉ ሰው አልነበረችም። ሥዕል ያለባቸውን ካርዶች እያሳየች፣ ቀስ እያለች፣ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ልጄ ትንፋሿን ስትስብ ባለሙያዋ ካርዱን አስቀምጣ «አስም አለባት?» አለችኝ። ያገራችን ሰው አዎ የሚለው እንዲህ እንደ ሆነ፣ ልጄም ይህንን ከእናቷ እንደ ተማረች አስረዳኋት። በጥሞና ካዳመጠችኝ በኋላ «ሳትጠየቅስ ታደርገዋለች?» አለችኝ። መዋሸት እችል ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካት ታደርገዋለች፤ የአውቶቡስ በር ድንገት ሲከፈት ታደርገዋለች። ይህንኑ ነገርኋት።

«ታዲያ አዎ ስትልና ስትደነግጥ በምን እንለየዋለን?»

«በቅንድቧ» አልኋት።

ባለሙያዋ ጎንበስ ብላ የልጄን ቅንድብ አየች። የተመደበው ሰዓት ግን አልቆ ስለ ነበር፣ ልጄም ስለ ደከማት፣ ቅንድቧ በዚያ ሰዓት የተናገረው ነገር አልነበረም። በመዝገቧ ላይ የማያስተማምን መልስ ተብሎ ተጻፈ። ያን ዕለት በባቡር ስንመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ፦ እውነት አዎ ትላለች? ወይስ አባትና እናት በፍቅር ታውረው ከአንድ ትንፋሽ ቃል ሠሩ?

የጉባኤው ጥሪ የደረሰኝ በዚህ መሐል ነው። እዚህ ያሉ ያገራችን ወላጆችና መምህራን፣ አገር ቤት ካሉ መምህራን ጋር ሆነው አካል ጉዳተኛውን ከሌላው ጋር አብሮ ስለሚያስተምረው አካቶ ትምህርት በኢንተርኔት ሊመክሩ አስበው ነበር። አስተባባሪዋ በልጅነቷ ወደዚህ የመጣች ወጣት መምህርት ናት።

«ጋሼ፣ ኦፕኒንጉን እርስዎ ቢያደርጉልን ብለን ነበር» አለችኝ በስልክ።

«እኔ በጉዳዩ ላይ ምን ዕውቀት አለኝ?»

«ዕውቀቱን ስፒከሮቹ ያመጡታል። እርስዎ እንግዶቹን ዌልካም ያድርጉልን። አማርኛዎ እኮ እንደ ሬዲዮ ነው።»

«እንደ ድሮ ሬዲዮ?»

«ኧረ ጋሼ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ግን ድምጿ ተለወጠ። የልጄን የወደፊት ቦታ የምትወስነው አማካሪ በጉባኤው ላይ እንድትናገር ተጋብዛ መቀበሏን ነገረችኝ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ ትገባለች። እኔ ትራንስሌት አደርግላታለሁ። ሪከርድ ስለምናደርገው ፋይሏ ውስጥ መግባት ይችላል፤ ጠይቄያታለሁ፣ ደስ ይለኛል ብላለች። ልጅዎ ከጎንዎ ትሁን።»

የመክፈቻ ንግግሬን ስጽፍ ሰነበትሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ የሚባለው ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ የጫማውን በረዶ ሲያራግፍ፣ ካፖርቱን ስንቀበለው፣ ግባ ግባ እያልን ነው። ደጃፍ በሌለበት፣ ሰዎች ከየቤታቸው ሳይነሡ በሚመጡበት ቦታ ምን ብለው እንግዳ ይቀበላሉ? ጽፌ ስሰርዝ፣ ጽፌ ስሰርዝ፣ በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጥቂት ቃል ከተናገርሁ በኋላ ወደ ልጄ ዞር ብዬ «እንግዶቻችንን እንቀበላቸው?» እላታለሁ። እሷም አዎ ትላለች። ጉባኤው በእሷ አዎ ይከፈታል። አማካሪዋ ታያለች፣ ይቀረጻል፣ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የማንም ትዝታ አያስፈልግም፤ የእኔም ቢሆን።

ከአስተባባሪዋ ጋር ሙከራ ስናደርግ ልጄን ሻይ ትጠጪያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። ጥርት አድርጋ መለሰችልኝ።

«ሰማሽ?» አልኋት አስተባባሪዋን።

«ምንም አልመጣም ጋሼ።»

«አሁን እኮ አለች!»

«ገባኝ» አለች። «ኮምፒዩተሩ ትንፋሽ ሲሰማ ኖይዝ ነው ብሎ ያጠፋዋል። እንደ ንፋስ፣ እንደ ቫኪዩም ክሊነር። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ኦፍ ያድርጉት።»

የት ገብቼ ምን እንደምጫን ደረጃ በደረጃ አሳየችኝ። አጠፋሁት። ልጄን እንደገና ስጠይቃት ትንፋሿ እስከዚያ ማዶ ተሰማ፤ አስተባባሪዋ እልል አለች። በማግሥቱ ግን ኮምፒዩተሩ እንደ ልማዱ ራሱን አድሶ ያጠፋሁትን መልሶ አብርቶት ነበር። ዓርብ ጠዋት፣ እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት፣ እንደገና ማጥፋቴን አስታውሳለሁ። ጣቴ ሲጫነው ይታየኛል። የሚታየኝ ግን የዓርቡ ጣቴ ይሁን የሙከራው ቀን ጣቴ መለየት አልችልም።

ያን ጠዋት ከሥራዬ ፈቃድ ወስጄ ነበር። ልጄን እናቷ የሠራችላትን አረንጓዴ ሹራብ አለበስኋት፤ ጸጉሯ ቅንድቧን እንዳይሸፍን ወደ ኋላ አስያዝሁት። ኮምፒዩተሩን ጠረጴዛው ላይ በመጽሐፍ ከፍ አድርጌ ሁለታችንም እንድንታይ አስተካከልሁት። ሰዎቹ በመጠበቂያው ተደርድረው ስማቸው ሲመጣ አንድ በአንድ አስገባቸዋለሁ፤ ያ የእኔ ሥራ ነበር። ማን ይታገሣል? የገባ ሁሉ ማይኩን ከፍቶ ሰላምታ ጀመረ።

«እንደምን አደራችሁ!» ይላል የቶሮንቶው።

«እንደምን ዋላችሁ!» ይላል ያገር ቤቱ።

«እኛ ጋ ገና ጠዋት ነው።»

«እኛ ጋ ምሳ ተበልቷል» አሉ አንድ መምህር ከወዲያ። «እናንተ እዚያም ሄዳችሁ ከኋላችን ናችሁ ማለት ነው።»

«ድምፄ ይሰማል? ሃሎ? ድምፄ ይሰማል?»

«ይሰማል፤ አሁን ሚውት ያድርጉት!» ትላለች አስተባባሪዋ።

በመጨረሻ ከገቡት መሐል አንዲት እናት ከፓርክዴል ሰፈር ነበሩ። በምስላቸው ላይ የሚታየው ከቅንድባቸው በላይ ነው፤ ሰፊ ግንባር፣ ነጭ ሻሽ፣ ከዚያ በላይ የኮርኒሱ መብራት።

«እማማ፣ ካሜራውን ዝቅ ያድርጉት። ኮርኒስዎን ነው የምናየው።»

«ኮርኒሴ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም፤ ፊትዎን እንድናይ ነው።»

«ያስተካከለችልኝ የልጄ ልጅ ናት። እሷ ደግሞ ዓይኗ አያይም፤ ምን ላድርግ ትሉኛላችሁ? ለእሷ ብዬ አይደል እዚህ የገባሁት!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ግንባራቸው እየተሸበሸበ ሳቁ፤ ካሜራው እንዳለ ቀረ። አማካሪዋ በዚህ መሐል ገብታ ነበር። እጇን አወዛወዘችልን። ልጄ ምስሏን አተኩራ አየቻት።

አስተባባሪዋ መቅረጽ ጀመረችና ቃሉን ለእኔ ሰጠችኝ።

አነበብሁ። ድምፄ እንዳልተንቀጠቀጠ አውቃለሁ፤ ይህን ከቅጂው አረጋግጫለሁ። ስለ በር ተናገርሁ፤ በር የሚባለው እንጨቱ ሳይሆን ግቡ የሚል ሰው መኖሩ ነው አልሁ። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጬ ወደ ልጄ ዞርሁ። ልጅን በእንግዳ ፊት ሲያናግሩ እንደ ወጉ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ፊቴን ወደ ፊቷ አቅርቤ ጠየቅኋት።

«እናቴ፣ እንግዶቻችንን እንቀበላቸው?»

ቅንድቧ ተነሣ። ትንፋሿ ገባ። እንደዚያ ጥርት ያለ አዎ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ቀና ብዬ እንግዶቹን አየሁ። ሁሉም ፊት እየጠበቀ ነበር።

«ጋሼ» አለች አስተባባሪዋ ቀስ ብላ፣ «ድምፅ አልመጣም።»

እንደገና ጎንበስ ብዬ ጠየቅኋት። እንደገና መለሰችልኝ፤ ትንሽ አሳነሰችው። ቀና አልሁ። አስተባባሪዋ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ሰው በሞቴ እያለ እንደሚያጎርስ ሦስተኛ ጠየቅኋት፤ ድምፄ ልመና ሆኖ ነበር። ልጄ ዓይኗን ጨፈነችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የመለሰችውን እንዳልሰማ ሰው እየመላለስሁ ስጠይቃት ምን ታድርግ? እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ፊቴን አዞር ነበር።

አማካሪዋ ማይኳን ከፍታ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ ልጄ ምናልባት ሰው በዝቶባት ይሆናል አለች፤ ስለ አቀባበላችንም አመሰገነች። ያን ልስላሴዋን እስካሁን አልረሳሁትም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አስተባባሪዋ ፈጥና ቀጣዩን ተናጋሪ አስተዋወቀች። እኔ የተባለውን ሁሉ ሳልሰማ ልጄን እያየሁ ተቀመጥሁ። መስኮቱ ላይ ከተደቀነው ፊቷ የማነበው ነገር አልነበረም፤ አሥራ ምናምን ዓመት ያነበብሁት ሁሉ የራሴ ጽሕፈት መሰለኝ።

ዕረፍት ሲባል ቀረጻው ቆመ፤ አማካሪዋም ሌላ ስብሰባ ነበራትና ወጣች። እኔ ተነሥቼ ማድ ቤት ገባሁ። የውሃውን ቧንቧ ከፍቼ ፊቴን ታጠብሁ፤ ካበቃሁ በኋላም ቧንቧውን አልዘጋሁም፣ ሳሎኑ ውስጥ ያለችው ልጄ ድምፄን እንዳትሰማ። መቼም ሰው አልቅሶ ይወጣለታል፤ እኔ ግን ማልቀሴን ትቼ ቧንቧውን ስዘጋ ነገሩ እንዳለ ነበር።

ከሳሎን የሰው ድምፅ ሰማሁ። በሩ ጋ ስደርስ ቆምሁ። ሰዎቹ ሁሉ ካሜራቸውን አጥፍተው ስማቸው ብቻ ቀርቷል። በምስል የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ ካሜራ ማጥፋት የማትችለው ልጄና፣ እንዴት እንደሚጠፋ የማያውቁት የፓርክዴሏ እናት ግንባር።

«አንቺ፣ ሁሉም ጥለውን ሄዱ አይደል?» ይላሉ እማማ። «እኔና አንቺ ቀረን።»

ልጄ ከመስኮቱ ዞራ ወደ ስክሪኑ ታያለች። ቅንድቧ ከፍ አለ፤ ትንፋሿ ገባ።

«ቅድም ሲጨቀጭቅሽ የነበረው ሰውዬ አባትሽ ነው?»

አዎ።

«ጭቅጭቅ ይወዳል መሰለኝ።»

አዎ፤ ይህንኛውን አስረዘመችው።

«ወንድ እንዲሁ ነው። ቁርስ በልተሻል?»

አዎ።

«እኔ ገና ነኝ፤ ዓርብ አይደለ? አንቺስ፣ ትጾሚያለሽ?»

ልጄ ጸጥ አለች። ቅንድቡም ትንፋሹም ባሉበት ቆሙ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ በቤታችን ጾም የለም።

«ግድ የለም፣ ለአንቺ የመድኃኔ ዓለም ምሕረት አለ» አሉ። ግንባራቸው ወደ ቀኝ ሄዶ ተመለሰ፤ ብርጭቆ ሲነካካ ይሰማል። «እናትሽስ ሻይ ልታፈላልሽ ሄደች?»

ጸጥ።

«ሥራ ናት?»

ጸጥ። የግንባሩ መስመሮች ሁሉ ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። ሻሹ ከምስሉ ወጣ፤ የቀሩት ሁለት ነጫጭ ቅንድቦች ብቻ ነበሩ።

«አፈር በበላሁ» አሉ እማማ። «ሞታለች?»

ልጄ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች፤ ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው። ቅንድቧ ተነሥቶ እዚያው ቆየ።

በሩን ያዝሁ። እናቷ የተቀበረች ዕለት ልጄ ቀብር ላይ ነበረች። ገብቷት ይሁን አይሁን ጠይቄያት አላውቅም። በምን ቃል ልጠይቃት እንደምችል አላውቅም ነበር፤ ብትመልስልኝም መልሱን እኔው ፈጠርሁት ብዬ ስለምጠራጠር አልጠየቅሁም። አሁን አንዲት የማታውቃት ሴት፣ ብርጭቆ እያነካካች፣ እንዲሁ በጨዋታ ጠየቀቻት። ልጄም ያልሆነውን አይደለም፣ የሆነውን አዎ ብላ ለየችላት። ትንፋሹ ለእማማ እንዳልደረሰ አውቃለሁ። ያዩት ቅንድቧን ነው። በቃቸው።

«እኔም እናቴን ቀብሬያለሁ» አሉ። «እንግዲህ ሁለታችንም እናት የለንም።»

ልጄ መለሰችላቸው።

ወደ ስክሪኑ ሮጬ ጓዳ ውስጥ ሌባ እንደያዘ ሰው እዩ፣ እዩ ልል ፈለግሁ። ለማን? ቀረጻው ቆሟል፤ አማካሪዋ የለችም። በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ልክ እንደዚያኛው ትዝታ፣ በር ላይ የቆመ ሰው። ያሁኑን ግን አይቻለሁ ብዬ ለራሴ ደጋግሜ ነገርሁት። በዓይኔ አይቻለሁ።

ለአማካሪዋ ሰኞ ደወልሁላት፤ ከዓርብ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ስለ ሆነ ሁለቱን ቀናት እያንዳንዱን ጥያቄና መልስ እንዳልረሳ ስደጋግመው ቆየሁ። አድምጣኝ ስታበቃ «አምንዎታለሁ» አለችኝ። «የእኔ ማመን ግን አይበቃም። የተቀረጸው ላይ የሚታየው ትከሻዎ ነው።»

የምን ትከሻ እንደምትል የገባኝ ቅጂውን ካየሁ በኋላ ነው። እናቴ እያልሁ ጎንበስ ስል የኮቴ ትከሻ ልጄን ከግንባሯ እስከ አገጯ ጋርዷታል። ትንፋሿን ኮምፒዩተሩ አጠፋው፤ ቅንድቧን እኔ። ሦስቱንም ጊዜ።

«ሌላ ያየ ሰው ካለ ይጻፍልን» ብላ ነበር አማካሪዋ። ለፓርክዴሏ እናት ደወልሁ።

«እማማ፣ በዕረፍቱ ከልጄ ጋር ሲጫወቱ ነበር። ያስታውሳሉ?»

«አስታውሳለሁ እንጂ! ጨዋ ልጅ ናት። ብዙ ተጫወትን።»

«ምን ምን ብለው ጠየቋት?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ጨዋታ እኮ ነው፤ አሁን ያልሁትን ሁሉ በምን ልያዘው?»

«ስለ እናቷ ጠይቀዋት ነበር።»

«እናቷ… አለች እንዴ?»

ስልኩን ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው አዛወርሁት።

«ምነው ዝም አልህ? ልጅቷን አመማት?»

«ደህና ናት» አልኋቸው።

«ታዲያ አምጣትና ታየኝ። ካንተ ይልቅ እሷ ለጨዋታ ትሻላለች።»

እማማ የረሱት ቸል ብለው አይደለም። ሰው ከሰው ጋር ሲጫወት የሰማውን አዎ ሁሉ አያስቀምጥም፤ አዎ የሚያስገርም ነገር አይደለምና። ሚስቴና እኔ ለልጃችን ስንመኝ የኖርነው ይህንኑ ነበር፤ አዎ ስትል የማይደነቅላት፣ ሰምቶ ወደሚቀጥለው ጨዋታ የሚያልፍ ሰው። ያ ሰው ተገኘ፤ በመገኘቱም ምስክር አጣሁ። የቀረው የእኔ ትዝታ ነው። እሱም ቢሆን ዛሬ ዛሬ ሲያስቸግረኝ፣ ጾሙን የጠየቋት ከቁርሱ በፊት ነበር ወይስ በኋላ እላለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ የእማማ ሻሽ ቀይ ሆኖ ይታየኛል።

ውሳኔው የመጣው በረዶው ሲቀልጥ ነው። መዋያው።

በመስከረም የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ቫኑ ከሕንፃችን በር ላይ ቆመ። ረዳቷ ወጣት ሴት ናት፤ ሹፌሩ የወንበሩን ማንሻ ሲያወርድ እሷ ከልጄ ፊት በርከክ ብላ በእንግሊዝኛ ሰላም አለቻት፤ ስሟንም ነገረቻት። ይህን አላሰብሁም ነበር።

«ለመሄድ ዝግጁ ነሽ?» አለቻት።

ልጄ ቅንድቧን አነሣች፤ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

ረዳቷ ብድግ አለች። የልጄን ከንፈር አየች፤ የአንገት ልብሷን ፈጥና ፈታችላት፤ ሌላው እጇ ወገቧ ላይ ወደ ነበረው መገናኛ ሬዲዮ ሄደ።

«ምንም አልሆነችም» አልኋት። «አዎ ማለቷ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ማድረቂያዎቹ ሲያጓሩ ሰማሁ። ቅርጫቱን የታቀፈውን ሰውዬ አየሁት፤ በእውነት እዚያ መቆሙን አሁንም የሚነግረኝ የለም። የማድ ቤቱን በር አየሁ፤ ሁለቱን ነጫጭ ቅንድቦች አየሁ። አፌን ከፍቼ በእንግሊዝኛ ላስረዳት ስል ትንፋሼ ቀድሞኝ ወደ ውስጥ ገባ፤ ቅንድቤም ተነሣ።

ረዳቷ እጇን ከሬዲዮው ላይ ሳታነሣ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ልጄን አየች።

«ቤተሰቡ ሁሉ እንዲህ ነው?» አለችኝ።

ልጄ ከእኔ ቀድማ መለሰችላት።